«ጠጋ በሉ» ባይዋ አስቱ

ኧረ ተዉኝ፣ አላምንም።

ዛሬ ጠዋት የፎንቆ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ቲቸር፣ አስቱ መቼ ነው የምትመለሰው?» ሲለኝ «ትንሽ ይሻላት እንጂ ትመጣለች» አልኩት። ልንደርስ ስንል ስልኬ ጠራ። ወንድሟ ነው። «አስቴር አረፈች» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። በዚያው ሚኒባስ ተመለስኩ።

እንዴት ነው ነገሩ? ትናንት እኮ ጽፋልኛለች! «የልጆቼን ፈተና አርሚልኝ፣ ደግሞ እንደ ልማድሽ ነጥብ አትንፈጊያቸው» ብላ። የሚሞት ሰው እንዲህ ይላል?

ለማታውቋት፣ አስቱ ፎንቆ አብራኝ የምታስተምር የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ነበረች ልበል? እጄ እምቢ አለኝ። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት ከሆሳዕና አብረን ተሳፍረናል።

ድሮ ወፍራም ነበረች። ስትስቅ ሚኒባሱ በሙሉ አብሯት ይስቃል። ረዳቶቹ ሁሌ ጋቢናውን ለሷ ይይዛሉ፤ አክብሮት ይመስላል እንጂ ከኋላ ከገባች የሁለት ሰው ቦታ ስለምትይዝባቸው ነው። እሷም ታውቃለች፣ ትስቃለች። ግን ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ አላት፣ ስኳሩም ተጨመረባት። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ሄዳ ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አሳንሳ መጣች።

ከተማው ጉድ አለ። እናቷማ «እኔ አብልቼ ያሳደግኳትን ልጅ ሐኪም አስራበብኝ» ብለው አለቀሱ።

ከስታ ስትመለስ ጋቢናውን እምቢ አለች። ቀጥ ብላ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደችና ሦስት ሰው ከተቀመጠበት «ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ!» አለች። ገባች እኮ! አራተኛ ሆና! እስከ ፎንቆ እንደ ሙሽራ ስትኩራራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በሄደችበት ሁሉ «ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ» ነው፤ ስታፍ ሩም፣ መዘምራን መሀል፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር።

በመስቀል ሰሞን እናቷ ቤት አተካና ይቀርብልናል። ያን በቡላና በቅቤ የተሠራ ምግብ ቀመስ አድርጎ መተው በኛ አገር ነውር ነው። አስቱ ሁለት ማንኪያ ትጎርስና እናቷ ዞር ሲሉ ሳህኑን ወደኔ ትገፋዋለች። እሷ ስትከሳ እኔ ወፈርኩ! ቀሚሶቼ ይመስክሩ።

ጉዱ ግን እዚህ ጋ ነው። ምግብ መተዋን ሁላችንም ለምደነው ነበር። ቃር ሲያስቸግራት ክኒን ታኝክና «ይሄ ቃር የድሮ ጓደኛዬ ነው» ትላለች። ከዓመታት በኋላ የጎረሰችው ደረቷ ላይ እየቆመ ሲያስቸግራት፣ ቆሎውንም ዳቦውንም ትታ ሾርባ ብቻ ስትጠጣ፣ «ጨጓራዋ ትንሽ ስለሆነ ነው» አልን። እሷም እንደዛው አለች። ማን ይጠርጥር? በካሜራ ሲታይ የምግብ መውረጃ ቧንቧዋ ላይ ካንሰር ተገኘ። ገፍቶ ነበር።

አሁን ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላችሁ «ያ ኦፕራሲዮን ነው የበላት» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ አፋችሁን ሰብስቡ። እሷ ራሷ ሐኪሙን ጠይቃዋለች። «ከሱ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም፤ ቃሩ ከዚያ በፊትም ነበረብሽ። ብቻ ምግቡ አልወርድ ማለት እንደጀመረ ብትመጪ ጥሩ ነበር» ነው ያላት።

ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «በኦፕራሲዮኑ አልጸጸትም፣ በጉልበቴ ሄጄበታለሁ» አለችኝ። «ሰው ግን እንደኔ እንዳይሸወድ ንገሪልኝ። ጨጓራ ሲያንስ የሚበላው ያንሳል እንጂ፣ የጎረሱት አልወርድ አይልም።»

ይኸው ተናገርኩልሽ። ምግብ እየቆመ የሚያስቸግራችሁ፣ ቃር አልለቅ ያላችሁ፣ ኦፕራሲዮን አደረጋችሁም አላደረጋችሁም፣ ሂዱና ታዩ። ለምደነዋል አትበሉ።

አስቱዬ፣ ዛሬ ስመለስ የኋላው ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። መንገድ ላይ ረዳቱ አራተኛ ሊያስገባ ሲል «ሰው አለው» አልኩት። ዓይኔን አየና ተወው። ሰውየው ቆሞ ሄደ፣ እኔም ቦታሽን ይዤ ሆሳዕና ገባሁ።

አንቺ ብትኖሪ ትቆጪኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ከነገ ጀምሮ ጠጋ እላለሁ። የልጆችሽንም ነጥብ አልነፍግም። ዛሬን ብቻ ተይኝ። ደህና ሁኚ፣ የኔ ሳቂታ።