ከድር ሲሉት የማይሰማው ጆሮዬ

ባለፈው ሳምንት ሀና ማርያም፣ እኛ ሰፈር፣ ለውሃ መስመር መንገዱን ቆፍረውት ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ዳር ዳሩን ተጋድሞ አየሁ። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ጉድጓዱ ጭቃ ብቻ ነው። ቧንቧውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩና «ይሄ ሲወጣ ማሽኑ ሙቀት በዝቶበት ነበር» አልኳቸው ቆፋሪዎቹን። አንዱ አካፋውን ተደግፎ «ኢንጂነር ነህ እንዴ?» አለኝ። «አይደለሁም፣ ግን ከአንድ የፊዚክስ ሰው ጋር ዓመት ታስሬያለሁ» አልኩት። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከመካኒሳ ወረድ ብሎ ያለ የቧንቧ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ጉራ አይሁንብኝና በዚያ ግቢ እንደኔ ማሽን የሚገባው ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው የሙቀት ቁጥር ያያል፣ እኔ በድምፁ አውቃለሁ። ፕላስቲኩ ሊቃጠል ሲል ማሽኑ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያፍናል።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ። እኔ ሸምሱ ነኝ፣ ፋብሪካው የሚያውቀኝ ግን ከድር ብሎ ነው። ከድር ታላቅ ወንድሜ ነው። ፋብሪካው አሥረኛ የጨረሰ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ነው ላሽ ያልኩት። ወንድሜ አሥረኛን ጨርሶ ኃይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ስለነበር «ወረቀቷ ለኔ ምን ትሠራልኛለች፣ ውሰዳት» አለኝ። ወረቀቷን ስወስድ ስሙም አብሮ መጣ። ፎቶውስ እንዳትሉኝ፣ እንመሳሰላለን። እኔ ትንሽ አምራለሁ እንጂ።

አንድ ጠዋት የበር ጥበቃው ጋሽ ደበላ እያለከለኩ መጡና «መርማሪ ገብቷል። ደብዳቤ ይዟል። ዓመት ሙሉ እዚሁ ነው» አሉን። ልጁ እኮ ያላቸው «ተመራማሪ ነኝ» ነው። ጋሽ ደበላ ሲፈትሹት ግማሹን ቃል በር ላይ አስቀርተውበታል። እኔ ያኔ በምን ልወቅ፣ ውሃ ሆንኩ።

ታምራት ይባላል፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ የኔ እኩያ። «የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፣ ቧንቧ ሲቀዘቅዝ ለምን እንደሚጣመም ላጠና ነው የመጣሁት» አለ። አላመንኩትም። ለቧንቧ ብሎ ዓመት የሚቀመጥ ሰው የት አለ፣ እኔን ቢጠይቀኝ በአንድ ማኪያቶ እነግረው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡንና «ማሽኑን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ማነው?» አሉ። ምላሴ ቀደመኝ፤ «እኔ በድምፁ አውቀዋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ዓመቱን ሙሉ ከሱ ጋር ነህ።»

በገዛ አፌ ገባሁ ማለት ነው።

ከማሽኑ አጠገብ አንዲት የመስታወት ክፍል ነበረች፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ የምትይዝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ እዚያች ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን እንቀመጣለን። በበጋ ጣሪያው ያቃጥላል፣ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ሀሳብህን እንኳን አትሰማም። እሱ በየሩብ ሰዓቱ ሙቀት ይለካል፣ ይጽፋል፣ እየጻፈ ይጠይቀኛል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትሠራው?»

«ሦስት ዓመት ይሆነኛል፣ ጌታዬ።»

«ኧረ ታምራት በለኝ። ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት አልነበርኩም።»

ሳቀ። መርማሪ ሲስቅ ደግሞ ይብሳል።

ምሳ ሰዓት ላይ ቆጮ በአይብ ያወጣል። ቤተሰቡ ከሆሳዕና የመጡ ናቸው። «ብላ እንጂ» ይለኛል። የስልጤ ልጅ ሆኜ ቆጮ አይቼ የት እሄዳለሁ፣ እበላለሁ። ግን በምግብ አሳብቦ ሊያስለፈልፈኝ ነው ብዬ እየበላሁ አልናገርም። ከመብላቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ቀኑን ሙሉ ተንፈስ የምለው ያን ጊዜ ብቻ ነበር፣ አያየኝማ።

ሥራውን ጥዬ እንዳልሄድ «ለምን ሸሸ?» ይላሉ። ብቀመጥ ደግሞ አንድ ቀን ይደርስብኛል። እንዲህ ሆኜ ስምንት ወር ቆየሁ።

በዚያ ጫጫታ ማንም ማንንም በስም አይጠራም፣ ፉጨት ነው። ታምራት ግን ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። «ከድር» ይላል፣ እኔ ዝም። «ከድር» ይላል፣ ዝም። ሦስተኛው ላይ ነው እኔ መሆኔ ትዝ የሚለኝ። አንድ ቀን እንደዚያ ሲሆን በሀዘኔታ አየኝ። በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ።

«ሰኞ ጠዋት ምርመራ አለብህ። መታወቂያህን ይዘህ ና።»

«ማን ነው ያለው?»

«ታምራት ነው። ሁሉንም ነግሮናል።»

መታወቂያዬ የሚለው ሸምሱ ነው። ወደ መስታወቷ ክፍል እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም።

«ታምራት» አልኩት፣ «ምርመራህን እዚሁ ጨርሰው። ሸምሱ ነኝ። ከድር ወንድሜ ነው፣ ወረቀቱ የሱ ነው። እናታችን ጋ ብቻ እንዳትሄዱ፣ እሷ የምታውቀው ነገር የለም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የምን ምርመራ?»

«የሰኞው ነዋ። መርማሪ አይደለህ?»

«ሸምሱ፣ የጆሮ ምርመራ እኮ ነው። ማሽኑ ጆሮህን የጎዳው መስሎኝ ሐኪም ጋ እንዲልኩህ ለመንኩልህ።»

ስምንት ወር የደበቅኩትን ላልጠየቀኝ ሰው ሰጠሁት። ሐኪም ቤቱም ቢሆን ስሜን መጠየቁ፣ ለፋብሪካው መጻፉ አይቀርም።

«እንግዲህ ዋሽልኝ» አልኩት።

«መዋሸት አልችልም።»

እውነቱን ነው፣ ቸርች የሚዘምር ልጅ ነው። በሩን ከፍቶ ወጣ። ሊናገርብኝ ሄደ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል «ሸምሱ» የሚል ሰማሁ። ቀና ስል ከማሽኑ ማዶ ቆሟል። ጮክ እንኳን አላለም። ሌላ ማንም አልዞረም።

ቀጥ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ፣ እኔ ከኋላው።

«ተሳስቻለሁ፣ ጆሮው ደህና ነው» አላቸው።

«በምን አወቅክ?»

«አሁን ከማሽኑ ማዶ ሆኜ በስሙ ጠራሁት። ወዲያው ዞረ።»

አንዲት የውሸት ቃል የለባትም። ሥራ አስኪያጁም «እንግዲያው ይቅር» አሉ።

የቀረውን አራት ወር በሩ ሲዘጋ ሸምሱ፣ ሲከፈት ከድር ነበርኩ። ከዚያ ዓመቱ አለቀና ደብተሮቹን በካርቶን ይዞ ሄደ። ነፃ ወጣሁ ብዬ ነበር። ግን በስሜ የሚጠራኝ ሰው ከቀመስኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከድር መሆን እንደ ጠባብ ጫማ ሆነብኝ። ሁለት ወር ታገስኩና ራሴ ገብቼ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። ጠዋት ከድርን አባረሩት። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሲያፍን የሚሰማ ሰው ጠፋና ሸምሱን በቀን ሠራተኛነት ቀጠሩት። እስከ ዛሬ እዚያው አለሁ።

ታምራት አሁን ክፍለ ሀገር ያስተምራል፣ ለኢድ ይደውላል። አንዴ ያንን ሁሉ የጻፈበትን ደብተር አሳየኝ ብዬው ነበር። ገልጬ ገልጬ ቁጥር ብቻ። ዓመት ሙሉ በላብ ያጠመቀኝ ሰው፣ ለካ ሲያይ የከረመው ቧንቧውን ነው። ፈሪ ሰው ጉረኛ ነው፤ አገር ሁሉ ሥራ ፈቶ እሱን የሚፈልገው ይመስለዋል። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል።