ከቦነስ አይረስ ያልተመለሰው ባሌ

ባሌ ባቢከር ባሕር ተሻግሮ ቦነስ አይረስ የሚባል ትልቅ ከተማ ያየ ሰው ነው። ምን አየህ ሲሉት ዛፍ ይላል። ጉድ እኮ ነው። ሰው ለዛፍ ብሎ ያን ሁሉ ውሃ ያቋርጣል? ዛፍማ እዚሁ አሶሳም ሞልቷል።

በእኛ መንደር እንግዳ ዘው ብሎ አይገባም። ከመንደሩ ጫፍ ካለው ዋርካ ሥር በትሩን አጋድሞ ይቀመጣል፤ የመንደሩ ሰው በቅል ውሃ ያወጣለታል። ሲጠጣ ደረሰ ይባላል። ካልጠጣ ገና መንገድ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሲቸኩል ወጉን ያልፈዋል፤ ባቢከር ግን በልጅነቱ እንኳ "ብላ" ካልተባለ የእናቱን ገንፎ አይነካም ነበር ይላሉ። የወደድኩት እንዲህ ያለውን ነው፤ ምን ላድርግ።

ለትምህርት ካይሮ ሲሄድ አባቴ ሼህ ረጀብ በሽማግሌ ፊት "የተመለስክ ቀን ብኸይታን እሰጥሃለሁ" አሉት። ብኸይታ እኔ ነኝ። ሲቆይባቸው ግን ኦመር የሚባል የወርቅ ነጋዴ ደጃችንን አዘወተረ። አባቴም "ማሽላው እስኪታጨድ ባቢከር ካልተመለሰ የኦመር ነሽ" አሉኝ። ኦመር ሲያወራ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው። ከእሱ ጋር ከማረጅ ጉድጓድ ብገባ ይሻለኝ ነበር።

እሱ እቴ፣ ካይሮ ሆኖ ይህን የት ያውቃል። ሐመድ የሚባል ሶርያዊ የትምህርት ጓደኛ ነበረው። የሐመድ ወንድም ቦነስ አይረስ ጨርቅ ይነግድ ኖሮ ለሠርጉ ሲጠራው፣ ሐመድ "ና፣ ከተማውን አይተን እንመለሳለን" ብሎ ባቢከርን ይዞት ሄደ። ባቢከር ከአሶሳ ባምባሲ እንደ መሄድ መስሎት መርከቡ ላይ ሲያስታውክ ከረመ።

የገቡ ዕለት ከአደባባዩ መካከል ትልቅ ዛፍ አየና በትሩን አጋድሞ ቁጭ አለ።

"ተነሥ እንጂ" አለው ሐመድ።

"ውሃ አላመጡልንም።"

"ማን ያመጣል? የዚህን ከተማ ሕዝብ አታይም?"

"እንግዲያው የከተማው ሽማግሌ ሥራ በዝቶበታል። እንጠብቀዋለን።"

ሐመድ ሠርጉን በላ፣ በሐዲድ በሚሄደው ጋሪ ከተማውን ዞረ። ባቢከር ዛፉ ሥር ነው። ሐመድ ምግብ ሲያመጣለት የመንገድ ስንቅ ነው ብሎ ይበላል፤ ውሃም ከራሱ ቅል ይጠጣል፤ የራስ ውሃ አያደርስም።

ያን ጊዜ ስደተኛ በየመርከቡ ይጎርፍ ነበር። አንድ ጣልያን ባቢከርን አየና ተራ የሚጠበቅበት ቦታ መስሎት ከኋላው ተቀመጠ። ከጣልያኑ ኋላ ባልና ሚስት ተቀመጡ፣ ከእነሱ ኋላ ሌሎች፣ ሰልፉ አደባባዩን ዞረ። ፖሊስ መጥቶ ሰልፉን አስተካከለ። በመጨረሻ አንድ ሹም ጠረጴዛ አስመጥቶ ባቢከር ፊት ተቀመጠና ምን እንደሚፈልግ በሐመድ ወንድም በኩል ጠየቀው። "ውሃ" አለ ባቢከር። ሹሙ የአደባባዩን ፏፏቴ በጣቱ አሳየው።

ባቢከር በጣም አዘነ። እንግዳ ራሱ ቀድቶ ይጠጣል? የመመለሻው መርከብ ሲጮኽ በትሩን አንሥቶ ሄደ።

ማሽላው ሊታጨድ ሲል መጥቶ ዋርካችን ሥር ተቀመጠ። አባቴ ቅሉን ይዘው ሽማግሎቹን አስከትለው ወጡና የት እንደ ከረመ ጠየቁት። ሁሉንም ተናገረ፤ መዋሸት አይችልበትም።

"ውሃ ሰጡህ?"

"አልሰጡኝም።"

አባቴ ቅሉን መሬት አስቀመጡት። "እንግዲያው አልደረስክም። ያልደረሰ ሰው እንዴት አድርጎ ይመለሳል?"

ሽማግሎቹ ተማክረው እውነት ነው አሉ። ባቢከርም እውነት ነው አለ። በገዛ በትሩ ልለው ምንም አልቀረኝ። ያልተመለሰ ሰው መንደር አይገባምና እዚያው ተቀምጦ ቀረ።

በማግሥቱ ኦመር ፍየሎች እየነዳ ለጥሎሽ መጣ። ቅሌን ሞላሁና በሰው ሁሉ ፊት ወደ ዋርካው ሄድኩ።

"ባቢከር፣ እንኳን ወደ ቦነስ አይረስ በደህና መጣህ። እንካ ጠጣ።"

ቅሉን ተቀብሎ ወደ አባቴ አየ።

"እሳቸውን ምን ታያለህ፤ የዚህ ከተማ ሰው አይደሉም" አልኩት። ጠጣ።

"አንቺስ የየት ሰው ነሽ?" አሉ አባቴ።

"የቦነስ አይረስ ነኛ። ይሄ ሰው ከቦነስ አይረስ አልተመለሰም፣ መንደራችን አልገባም ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ባለበት ከተማ ውሃ ያወጣሁለት ደግሞ እኔ ነኝ።" ከጎኑ ቁጭ አልኩ። "ኦመር ከፈለገኝ ባሕሩን ይሻገር።"

ሽማግሎቹ ሲከራከሩ ዋሉ። ወጉን የሚያፈርስ ጠፋና የዋርካው ጥላ ቦነስ አይረስ ነው ብለው ፈረዱ። ኦመር ፍየሎቹን መልሶ ነዳ።

ያለ አባት ፈቃድ ግን ኒካሕ የለም። አባቴ አኮረፉ፤ ሰው እንዳያማኝ እናቴ ጥላው ሥር አብራኝ ታድር ጀመር። አንድ ጠዋት አባቴ መጡና ከጥላው ዳር፣ ፀሐዩ ላይ፣ በትራቸውን አጋድመው ተቀመጡ።

"ብኸይታ፣ አባትሽ ጠምቷቸዋል" አለ ባቢከር።

"ይጠማቸው። አንተንም ጠምቶህ ነበር።"

ፀሐዩ አናታቸው ላይ ሲወጣ ግን አንጀቴ አልቻለም፤ አባቴ ናቸው። ውሃውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ቅሉን መለሱልኝ።

"ደረስኩ" አሉ። "ልጄን ልድር ነው የመጣሁት።"

ጎጆአችንን እዚያው ዋርካው ሥር ሠራን። ባቢከር እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይመለስም አልል፤ አብሬው ነኝ።