ዘጠና ሰባት ላይ ያቆምኩ ዕለት

ሮቤ የሒሳብ መምህር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ከድር በር ላይ ቆመው ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። "አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ?" አሉኝ፤ እንዴት አደርክ፣ መምህር ማለታቸው ነው። ቸኩዬ ስለነበር አንገቴን ነቅንቄ አለፍኳቸው። ባሌ ውስጥ ሰላምታ እንዲህ አይታለፍም፤ ማን ይንገረኝ!

ርእሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። "አዲስ የሒሳብ መምህር ሁለት ናችሁ። አንዳችሁ አንገቱ የምትባለው ከተማ ይሄዳል። ዛሬ ክፍል ገብቼ አይሃለሁ።"

ጉድ ፈላ! ባለቤቴ ጎባ ነርስ ናት። ጎባ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ አንገቱ ግን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ሃረና ደን ውስጥ ነው። ገና ሙሽሮች ነን።

ታዲያ ርእሰ መምህሩ ክፍሉ ኋላ ሲቀመጡ ልታይ ልታይ አልኩ። ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብዬ ጻፍኩ። "ይህ ፕራይም ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። አለ የሚል ጠመኔውን ይረከበኝ፤ እኔ ዴስክ ላይ እቀመጣለሁ!"

ቀደም ብዬ ፕራይሞቹን ተራ በተራ፣ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት እያልኩ እስከ ዘጠና ሰባት ሞክሬዋለሁ። ደንቡ እስከ ካሬ ሥሩ፣ እስከ አንድ ሺህ ድረስ ሂድ ይላል። እጄ ዛለና ከመቶ በታች ያልተገኘ ከዚያ በላይ ከየት ይመጣል ብዬ ተውኩት። የሒሳብ መምህር እንዲህ ያስባል? ሲደክመው ያስባል።

ኦቦ ከድር በመስኮት ብቅ አሉ። "ባርሲሳ፣ መቶ አንድን ሞክረሃል?"

"ምን አሉኝ?"

"ሙስበሃዬ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ነው። መቶ አንድ ጊዜ ስዞረው ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይሆናል። ለአሥር ሺህ አንድ ትጎድላለች፤ ወላሂ፣ ስንት ዓመት አንገብግባኛለች! አሁን መቶ አንድን በአሥር ሺህ አባዛና የእኔን ቀንስለት።"

ከ1,010,000 ላይ 9,999 ቀነስኩ። 1,000,001 ቀረ። ሁለቱም የመቶ አንድ ብዜት ናቸው፤ ልዩነታቸውም እንደዚያው።

ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ ያለው ፕራይም ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መቶ አንድ! አንዲት ማካፈል ቀርታኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ተሳስቻለሁ፤ ዘጠና ሰባት ላይ ነው ያቆምኩት" አልኩና ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ኦቦ ከድር ጫማቸውን ደጅ ላይ ጠርገው ገቡ፤ ጠመኔውን ተረክበው ሁሉንም እንደገና አስረዱ።

"ገባህ ባርሲሳ?"

"ገባኝ፣ ኦቦ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የባለቤቴ ፊት ድቅን አለብኝ፤ ሻንጣዬን በልቤ ማሰር ጀመርኩ።

ሲደወል ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ መጡ። "አንገቱ የሚሄደው ሌላው አዲሱ መምህር ነው" አሉኝ።

"እንዴት? ስህተቴን አይተው?"

"አንተን እዚያ ብልክ ማን ያርምሃል? እዚህ ኦቦ ከድር አሉ።"

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተማሪዎቹ ስሜን ትተው "ቲቸር ዘጠና ሰባት" ሲሉኝ ኖሩ።

እናንተ አዲስ መምህራን፣ የለም ከማለታችሁ በፊት እስከ ካሬ ሥሩ ሂዱ። በር ላይ ሰላም ሲሏችሁም ቆማችሁ መልሱ።