ሎሚና ሠላሳ አንዱ ቱቦ

ሎሚ ፈየራ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት የአቮካዶ ችግኝ ጭና ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉቲን እየወረደች ነበር። መንገዱ ላይ ያለው የፍተሻ ኬላ ጋ ለመድረስ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀራት እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳች። ወዲያው ከመኪናዋ ጭስ ማውጫ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ አከታትሎም ሁለተኛ።

በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለውን ድምፅ ማንም በዋዛ አያልፈውም። ፍተሻ የሚጠብቁት መንገደኞች መሬት ላይ ተዘረሩ። አንዲት ቲማቲም ነጋዴ ቅርጫቷን ጥላ ቦይ ውስጥ ገባች። ጥበቃዎቹ መሣሪያቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ። ሎሚ ሞተሩን አጥፍታ ሁለት እጆቿን በመስኮት አወጣች።

«መኪናዋ ናት! ጭስ ማውጫዋ ነው የተኮሰው!» እያለች ጮኸች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም።

ከጥበቃዎቹ አንዱ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ጭነቱንም ፈትሾ ሲጨርስ ግንባሩን ጠረገ። «እናቴ፣ ዛሬ እግዜር አተረፈን። ይቺን ሳያሠሩ በዚህ በኩል እንዳይመጡ» አላት።

ሎሚ ከመመለሷ በፊት ከነጋዴዋ ጋር ጎንበስ ብላ ቲማቲሙን ለቀመች። ሴትዮዋ የፈረጡትን ለይታ ወደ ቦዩ ስትጥል ቅርጫቷ እስከ ግማሹ ባዶ ቀረ። ወደ ከተማ የሚወስደውን ዳገት እስክትጨርስ ድረስ ያ ቅርጫት ከሎሚ ዓይን አልጠፋም።

ሎሚ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበረች፤ ሚዛኑን፣ መስተዋቱን፣ አየር መሳቢያውን የምታወጣውም የምትጠግነውም እሷ ነበረች። መኪናዋ ደግሞ ባሏ ሞሲሳ ሾፌር ሆኖ ያገለገለው አንድ የውጭ አገር ሐኪም ከአሜሪካ አስመጥቶ፣ ሲሄድ ለሞሲሳ የተወለት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የቤንዚን ፒክአፕ ናት። ሞሲሳ ስኳር ዓይኑን እስኪያደክመው ድረስ ነዳት። ከዚያ ሎሚ በሃምሳ ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ጡረታ ስትወጣም በጓሯቸው ችግኝ እያፈላች ለቆላ ገበሬዎች ማድረስ ጀመረች።

ችግሩ ኮፈኑ ሥር ነበር። መኪናዋ የተሠራችለት አገር ስለ ጭስ ጥብቅ ሕግ ስላለው ሞተሩ ላይ ጭስ የሚያጣራ ብዙ ነገር ተደርድሮበታል፦ አየር የሚገፋ ፓምፕ፣ የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ክዳን፣ ሁሉንም የሚያዙ እንደ እርሳስ የቀጠኑ የጎማ ቱቦዎች። አርባ ዓመት ሲሞላቸው ቱቦዎቹ ደርቀው ተሰነጣጠቁ፤ ክዳኖቹም ዝገው ተጣበቁ። መለዋወጫቸው ነቀምቴ ቀርቶ አዲስ አበባም የለም።

መኪናዋን በዲጋ መውጫ ወዳለው የሱሀይብ ጋራዥ ወሰደቻት። የሱሀይብ አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ መለዋወጫ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ መካኒክ ሆነ።

«አዴ ሎሚ፣» አለ በኦሮምኛ ወግ እንደ ወይዘሮ አክብሮ፣ ኮፈኑ ሥር አንገቱን አስግጎ፣ «ይኼ ሁሉ የሸረሪት ድር ነው። ቆርጠን እንጣለው፤ ቀዳዳውን በብሎን እንድፈነው፤ አለቀ። ካልሆነም የናፍጣ ሞተር እንግጠምላት።»

«የፊት ጎማውን የሚያሠራው የትኛው ነው?»

«እ?»

«ቁልፉን ስጫነው የፊት ጎማዎቹን የሚያገናኛቸው ሞተሩ የሚስበው አየር ነው። ከእነዚህ ቱቦዎች በአንዱ ነው የሚሄደው። በየትኛው ነው?»

ሱሀይብ ራሱን አከከ። «እሱን እንኳ እንጃ።»

«ፍሬኑን የሚያግዘውስ?»

«እሱን አውቀዋለሁ። ወፍራሙ ነው።»

«እንግዲያው አንዱን ታውቃለህ። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። ሠላሳውን ለይቼ እስካውቃቸው ድረስ መቀስ አይነካቸውም።»

ቤት ስትደርስ ሞሲሳም አልወደደላትም። «ሐኪሙ እንደተዋት ትሁን፣ ሎሚዬ። እንዲያው ከነካካሻት ጨርሳ ትቆማለች።»

«ሐኪሙ የተዋት ነገር ግማሹ እኮ ከሞተ ቆይቷል፣ ሞሲሳ። እኔ የምፈልገው የሞተውን ከሚሠራው መለየት ነው። ለሰው መደንገጫ ይዤ መንገድ አልወጣም።»

በማግስቱ ጠዋት ጀመረች። አንድ ደብተር፣ ቀይና ጥቁር ክር፣ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ይዛ ኮፈኑን ከፈተች። እያንዳንዱን ቱቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ በጣቷ እየተከተለች ደብተሩ ላይ ሣለችው። ሲሪንጁን በቱቦው ጫፍ ሰክታ ትስባለች፤ የሲሪንጁ መግፊያ ሳይመለስ ባለበት ከቆየ ቱቦው በሚያዘው ክዳን ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ደህና ነው፤ ወዲያው ከተመለሰ ተቀዷል። ለሚሠራውና ለሚያስፈልገው ቀይ ክር፣ ለሞተው ጥቁር ክር ታስራለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ጥቁሩ ክር አልቆባት ሱቅ ወረደች።

በሦስተኛው ቀን ሞሲሳ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየና ዘንጉን ይዞ መጣ።

«ከግራ በኩል፣ ከታች ያፏጫል» አለ።

«የቱ ጋ?»

«ቱቦ ስጪኝ።»

አንድ ሜትር የሚሆን ቱቦ ሰጠችው። አንዱን ጫፍ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ሌላውን እሷ እጁን ይዛ ሞተሩ ላይ እያዞረች አስዳሰሰችው። አንድ ቦታ ሲደርስ «እዚህ!» አለ። ብረቱ ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት፣ የተሰነጠቀ የቱቦ መታጠፊያ አገኙ። ሞሲሳ ከዚያ ወዲያ ስለ ሐኪሙ አላነሳም፤ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ቀድሞ መኪናዋ አጠገብ ወንበሩን ይዘረጋል።

በሳምንቱ ሎሚ ደብተሩን ይዛ ሱሀይብ ጋ ሄደች። ዘጠኝ ቱቦዎች ይቀራሉ፤ ሃያ ሁለቱ ይወጣሉ። የዛገው የአየር ፓምፕ ከነቺንጋው ይወርዳል፤ ያ የተኩስ ድምፅ የሚመጣው እግሯን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ የፓምፑ ክዳን ሳይዘጋ ቀርቶ ያልተቃጠለ ቤንዚን ባለበት ጭስ ማውጫ ውስጥ አየር ስለሚነፋ ነው። ጭስ መላሹ ወርዶ ቀዳዳው በላሜራ ይደፈናል። የቤንዚን ጋኑን ሽታ የሚውጠው የከሰል ቆርቆሮና የሞተሩን ትንፋሽ የሚመልሰው ቱቦ ግን ደህና ስለሆኑ አይነኩም።

«እነዚህስ ለምን ይቀራሉ?» አለ ሱሀይብ።

«ስለሚሠሩ። እኔም ጭሱንና ሽታውን ስለምተነፍሰው።»

ሱሀይብ ደብተሩን ገልብጦ ገልብጦ አየ። ከዚያ ሳቀና ከወፍራም ላሜራ ላይ ልክ ወስዶ መቁረጥ ጀመረ። ሁለቱ አብረው ቀኑን ሙሉ ሠሩ፤ እሱ ብሎን ሲፈታ እሷ ከሥዕሉ ላይ ትሰርዛለች።

ሞተሩ ሲነሳ ግን ተርገፈገፈ፤ ጋዝ ካልሰጡት ይጠፋል። ሎሚ ደብተሯን ከፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ስህተቱ የራሷ ሆኖ ተገኘ። የእሳቱን ሰዓት፣ ማለትም ሻማው ብልጭ የሚልበትን ቅጽበት፣ የሚያስተካክለውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክታዋለች። ነቅላ ወደ ቦታው መለሰችው። ሞተሩ ረጋ። ዳገት ላይ ሲሞክሩት ደግሞ ኳ ኳ የሚል ድምፅ አወጣ፤ ጭስ መላሹ በመነሳቱ እሳቱ ቀድሞ እየመጣ ነበርና ሰዓቱን ትንሽ ወደኋላ መለሱት። በአራተኛው ሙከራ ድምፁ ጠፋ። ሱሀይብ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አዴ ሎሚ፣ ያንን ሥዕል ቅጂ አስነስተው ይስጡኝ» አላት።

ሐሙስ ዕለት ችግኙን እንደገና ጭና፣ ሞሲሳን አጠገቧ አስቀምጣ ወረደች። ኬላው ጋ ስትቃረብ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሆን ብላ አነሳች። ከሞተሩ ለስላሳ ጉርምርምታ በቀር ምንም አልተሰማም። ያው ጥበቃ አውቋት እጁን አነሳ፤ ኮፈኑን እንኳ አላስከፈታትም።

አንገር ጉቲን ከመድረሷ በፊት ከዋናው መንገድ ወደ እርሻው የሚያስገባው መታጠፊያ በሌሊቱ ዝናብ ጭቃ ሆኖ ቆያት። የኋላ ጎማዎቹ ተሽከረከሩ። የፊት ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ቁልፍ ተጫነች። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ሞሲሳ ጆሮውን ጣል አድርጎ «ያዘ» አለ፤ ወዲያው መኪናዋ ፊቷን ቀና አድርጋ ከጭቃው ወጣች።

ከወሎ በመጡ ሰፋሪዎች ቤት የተወለደችው ገበሬ ፋይዛ የእርሻዋ ዳር ላይ ጉድጓዶቹን ቆፍራ ትጠብቃት ነበር። መቶ ሰማንያ ችግኝ አወረዱ፤ የተሰበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ፋይዛ «ገለቶሚ፣ እናቴ» ብላ ኦሮምኛዋን ከአማርኛዋ ጋር ቀላቅላ አመሰገነቻት፤ «ይኼን ዝናብ አይተሽ ቀርተሻል ብዬ ነበር።»

«ሰኞም ቀሪውን አመጣለሁ» አለች ሎሚ። ሰኞም አመጣች።

መኪናዋ አሁንም ብርድ በሆነ ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ታስላለች። ሎሚ ምክንያቱን ገና አላገኘችውም፤ ደብተሩ ውስጥ በዚህ ጉዳይ አራት ገጽ ሞልታለች፤ አምስተኛውን ጀምራለች።