ዓባያ ላይ የበቀለች አደይ

ባለፈው ዓርብ የእህቴ ልጅ ማህሌት ካልሄድን ብላ ነዝንዛኝ እዚህ ሪያድ ከምንኖርበት ከነሲም ሰፈር ተነስተን አንድ የገበያ አዳራሽ ሄድን። የእስረኞች የእጅ ሥራ ይሸጣል ብለዋት ነው። እኔ በሙቀት ከቤት መውጣት አልወድም፤ እግሬም ያብጣል። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት ቤት ስለፋ ከርሜ በዕረፍቴ ቀን ደግሞ ልብስ ለማየት መሄድ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው እያልኩ መንገዱን ሁሉ ሳጉረመርም ነበር። ማህሌት ለምዳኛለች፤ መስማት ካቆመች ቆየች።

አዳራሹ ውስጥ የእንጨት ሳጥን፣ ሥዕል፣ ሳሙና፣ የሕፃናት ልብስ ተደርድሯል። ጥግ ላይ የአረብ ሴቶች ከላይ የሚደርቧቸው ጥቁር ዓባያዎች ተሰቅለዋል። የአንደኛው እጅጌ ላይ ቢጫ ጥልፍ አየሁና ቀረብ ብዬ ያዝኩት። ስምንት ቅጠል ያላት ትንሽ አበባ ናት። እግሬም ሙቀቱም ተረሳኝ።

«አክስቴ፣ ምን ሆንሽ? ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ ማህሌት። ዝም ማለቴ ነው ያስደነገጣት።

ያችን አበባ መጀመሪያ ያየኋት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። አንድ የጽዳት ድርጅት ወደ ሪያድ አምጥቶኝ፣ ጀራዲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ጠዋት አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ከጥጉ ዳቦ ቤት ትኩስ ተሚስ እንገዛለን። ያ ሰፊ ቂጣ ከምድጃ ሲወጣ እጅ ይለበልባል፤ ግን እስኪበርድ ማን ይጠብቀዋል፣ ፉል እያጠቀስን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን። አውቶቡሱ አንዷን ሆስፒታል፣ አንዷን ትምህርት ቤት እያራገፈ ይሄድና መጨረሻ ላይ እኔን የሴቶች እስር ቤት ያደርሰኛል። የመጀመሪያ ቀን አልቅሼ ነበር። ጎንደር ያለች እናቴ «ልጅሽ ሪያድ እስር ቤት ገባች» ቢሏት፣ ለመጥረግ ነው ብሎ ማን ያስረዳታል?

እስር ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ሙያ የሚማሩበት የስፌት ክፍል ነበር። የምታስተምረው፣ እዚያ አስተማሪ ሴትን እንደሚጠሩት፣ አብላ ኑራ የምትባል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወፍራም ሳዑዲ ናት። መቀሱ ሁሉ በሰንሰለት ጠረጴዛ ላይ ታስሯል። መርፌ ጠዋት ይታደላል፣ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ በፊት ደግሞ ይመለሳል፤ አንዲት መርፌ ከጠፋች ማንም ከክፍሉ ንቅንቅ አይልም። እኔ አረብኛው ቶሎ ገብቶኝ ስለነበር አብላ ኑራ አለቃዬን አስፈቅዳ ለሐበሾቹ አስተርጓሚ አደረገችኝ። ወለሉን ጨርሼ መጥረጊያዬን በሩ ሥር አቆምና እገባለሁ።

ሰዓዳን ያገኘኋት እዚያ ነው። የወሎ ልጅ ናት፣ የሐይቅ፤ ስትናገር ድምጿ አይሰማም፣ ስትስቅ ግን ግቢውን ትሞላዋለች። ባሏ ቀድሞ ተይዞ አገር ቤት ተመልሷል። እሷ ከሰው ቤት ሥራ ወጥታ ጀራዲያ በተከራየችው ክፍል፣ አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች አረቄ ሲያወጡ ተደርሶባቸው ከእነሱ ጋር ታፍሳ ገባች። ሰዓዳ መጠጣቱ ቀርቶ ሽታውንም አትችለውም፤ ግን ማን ይስማት? ነፍሰ ጡር ስለነበረች ልጇን ሂክማን እዚያው እስር ላይ ሆና ወለደቻት።

ሂክማ የሁላችንም ልጅ ነበረች። ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ቴምር በኪሳቸው ይዘውላት ይመጣሉ። ጠረጴዛ ሥር እየዳኸች የወደቀ ክር ትለቅማለች፣ የለቀመችውንም አምጥታ እንደ ትልቅ ስጦታ እጃችን ላይ ታስቀምጣለች። ችግሩ ደንቡ ነው። ልጅ ሁለት ዓመት ከሞላው ከእናቱ ጋር እዚያ አይቆይም፤ የሚወስደው ዘመድ ከሌለ ማሳደጊያ ይገባል። ሰዓዳ ሪያድ ውስጥ ማን አላት? የእስር ጊዜዋ ደግሞ ከሂክማ ሁለተኛ ዓመት በኋላም ገና ይቀጥላል። እኛ ውጭ ያለነው ተርሂል፣ ማለትም ተይዞ ወደ አገር መባረር፣ ሲነሳ ልባችን ይርድ ነበር። ሰዓዳ ግን ልጇን አዝላ ተርሂል የምትሄድበትን ቀን እንደ ሰርጓ ቀን ነበር የምትናፍቀው።

አንድ መንገድ ነበር። ሙያ ለተማሩና ጠባያቸው ለተመሰገነ እስረኞች የእስር ጊዜ ቅናሽ የሚጠይቅ ኮሚቴ አለ። መጥቶ ሥራቸውን በኤግዚቢሽን ያያል፣ ያነጋግራቸዋል። አብላ ኑራ ሰዓዳን በዚያ ዙር አስገባቻት። «አንቺ ጥሩ ዓባያ ሥሪ፤ ሌላውን ለእኔ ተዪው፣ ኢንሻአላህ» አለቻት።

ሰዓዳ ቆርጣ ሰፋችው። እጅጌው ላይ ምን ይጠለፍ ስንባባል «ዓለምዬ፣ የአገራችንን እናድርግበት እንጂ፣ ያን በሰርግ ቀሚስ ላይ የሚጠለፈውን» አለችኝ። እኔ በጠመኔ ነደፍኩ፣ እሷ በቢጫ ክር ጠለፈች። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፤ ግን ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በሴቶች ቀሚስ ላይ ስናየው ያደግነው ጥልፍ ስለሆነ ለዓይናችን ጌጥ ብቻ ነበር። ሁለቱም እጅጌ ዙሪያውን በመስቀል ተሞልቶ አንዳችንም ልብ አላልነውም። ያውም የት? መስቀል ማሳየት በሚያስቀጣበት ሪያድ፣ እስር ቤት ውስጥ፣ ለኮሚቴ በሚቀርብ ዓባያ ላይ!

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አብላ ኑራ ልትተኩሰው ዘረጋችው። እጇ ባለበት ቆመ። መነጽሯን አደረገችና ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ሄዳ በሩን ዘጋች።

«ዓሊያ» አለችኝ። ዓለምነሽ ማለት ስለሚከብዳት እንዲያ ነበር የምትጠራኝ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የአገራችን ጥልፍ ነው፣ አብላ።»

«እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው፣ ልጄ።»

አየሁት። መስቀል ነው። ለሰዓዳ በአማርኛ ስነግራት ሂክማን ከመሬት አንስታ እቅፍ አደረገቻት። «ወላሂ አላየሁትም» አለች። «ልጄን ሊወስዷት ነው፣ ዓለምዬ።»

አብላ ኑራ አልጮኸችም። ይህን እስካሁን አልረሳላትም። «እኔ አውቃችኋለሁ፤ ነገ የሚመጡት ግን አያውቋችሁም» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መፍታቱ አይሆንም፤ ከዚያ ስስ ጨርቅ ላይ ክሩ ቢወጣም የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፣ እጅጌው ወንፊት ነው የሚሆነው። ሌላ ለመስፋት ደግሞ ጊዜ የለም። መግሪብ ሲደርስ መርፌው ይሰበሰባል፣ ኸላስ፣ አለቀ።

ሰዓዳ እጅጌውን ወደ ራሷ ስባ መስቀሎቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። ከዚያ ሂክማን አስታቅፋኝ መርፌ አነሳች። በመስቀሉ ክንዶች መካከል ሰያፍ አድርጋ አንድ ቅጠል ጠለፈች። በሌላውም በኩል ሌላ። ዙሪያውን ስትጨርስ መስቀሉ ጠፍቶ ቢጫ አበባ ወጣ።

«አደይ!» አልኩ ሳላስበው።

«አዎ፣ አደይ ናት» አለች ሰዓዳ፣ እያለቀሰች።

አብላ ኑራ አበባዋን በጣቷ ዳሰሰቻትና «ያላ፣ ቶሎ!» ብላ ሁለተኛውን እጅጌ ራሷ ጭኗ ላይ አደረገች። እኔ ሂክማን አዝዬ ክር እያስገባሁ አቀብላለሁ። ውጭ አቧራው ተነስቶ መስኮቱ ቡናማ ሆኗል፣ ማቀዝቀዣው ያጓራል። አስተማሪና እስረኛ ጎን ለጎን አጎንብሰው ሲጠልፉ እንደዚያን ቀን አይቼ አላውቅም። የመጨረሻዋ አበባ ስታልቅ አዛን ተሰማ።

በማግስቱ ከኮሚቴው አንዲት ትልቅ ሴት እጅጌውን ይዛ አበባዋ ከየት እንደመጣች ጠየቀች። ሰዓዳ በዚያ በማይሰማ ድምጿ «አገራችን ዝናቡ ሲያባራ ሜዳውን ሁሉ የምትሞላ ናት» አለች፣ እኔም ተረጎምኩ። ሂክማ በመሃል ድክ ድክ እያለች መጥታ የለቀመችውን ቢጫ ክር ለሴትየዋ ዘረጋችላት። ሴትየዋ ተቀበለቻትና ሳቀች። እኔ ቆሜ ማርያምን እለምን ነበር፣ ሰዓዳ ደግሞ የራሷን ዱዓ ታደርጋለች።

ቅናሹ መጣ። የሂክማ ሁለተኛ ዓመት ልደት ሳይደርስ ሰዓዳ በስፌት ትርፍራፊ በሠራችው ማዘያ ልጇን አዝላ ተርሂል ሄደች። ስትሰናበተኝ «ዓለምዬ፣ አንቺም ስፌቱን ተማሪ። መጥረጊያ አያስረጅሽ» አለችኝ። ሰማኋት። ድርጅቱ ወደ ሌላ ቦታ እስኪያዛውረኝ ድረስ አብላ ኑራ በምሳ ሰዓቴ አስተማረችኝ። ዛሬ ባጥሐ ገበያ ውስጥ ሠርቼ የምበላበትን ሙያ ያገኘሁት ሳልታሰር ከእስር ቤት ነው።

ይህን ሁሉ ለማህሌት እዚያው ዓባያው ሥር ቆሜ ነገርኳት። ሻጯ፣ ልጅ እግር ሳዑዲ፣ ልንገዛ መስሏት መጣች።

«ይህች አበባ ስም አላት?» አልኳት።

«አዎ፣ የሂክማ አበባ ትባላለች። አዲስ የሚገቡት ሴቶች መጀመሪያ የሚማሩት እሷን ነው።»

«ሂክማ ማን ናት?»

«እንጃ፣ ማንም አያውቅም። ድሮ የነበረች ጎበዝ ጠላፊ ናት ይላሉ።»

ሳቄ አመለጠኝ፣ እንባዬም አብሮ። አበባዋን ፎቶ አንስተን ከነስሟ ኮምቦልቻ ለምትኖረው ለሰዓዳ ላክን። ማታ የደወለችልኝ ግን ሂክማ ራሷ ናት። ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ነርስ ናት። «እውነት እኔን ነው የሚሉት?» ትለኛለች ደጋግማ። «አንቺን ነው፣ ጎበዝ ጠላፊ! ከክር ለቀማ ሌላ የሠራሽው እንደሌለ እኔ ነኝ የማውቀው» አልኳት። ከኋላዋ የሰዓዳ ሳቅ ቤቱን ሞልቶታል።

ዓባያውን ገዛሁት። እያጉረመረምኩ የሄድኩባትን መንገድ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። አሁን ይህን ስጽፍ እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት፣ ስሟን የማላውቃት፣ ቢጫ ክር እያስገባች ይሆናል። መግሪብ ሳይደርስባት ትጨርስ፤ የምትናፍቀውም ይድረስላት።