ያልታጠበው ቡሩሽ

ባለፈው ሳምንት ሰመራ በተከራየሁት ቤት ሰማያዊ ቀለም በአኳራጅ ሳቀጥን፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ተነሥቶ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደሚገኘው የልጅነት ቤታችን ወሰደኝ። የአባቴ ሽታ ነበር፤ ሸሚዙ ታጥቦ እንኳ አይለቅም።

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። ለአንድ የጥጥ ለቀማ ብሎ ከደጋ ወደ መልካ ወረር ወርዶ፣ ከዚያ አዋሽ መጥቶ እናቴን አግብቶ ቀረ፤ እናቱ ደጅ ደጁን እያየች ስትጠብቀው እንደሞተች ግን እናቴ አንድም ቀን አልረሳችም። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ምሳውን እንኳ ቆሞ ይበላ ነበር። ሥራ ሲጀምር ቡሩሹን አኳራጅ ውስጥ ነክሮ ያቆየዋል፤ የሚያጥበው ሥራው ሲያልቅ ብቻ ነበር።

አንድ በጋ እትዬ ዘነበች የምትባል ባለሆቴል፣ ሾፌሮቹ ሙቀቱን እንዲረሱት ብላ አዳራሿ ውስጥ ባሕር እንዲሥልላት አዘዘችው። አባቴ ከአዋሽ ወንዝ ሌላ ውኃ የት ያውቃል! ሦስት ቀን ለፍቶ ሰማያዊ ውኃ፣ ከውኃው ወዲያ ሌላ ዳር፣ ዳሩ ላይ ግራር፣ ግራሩ ሥር ሁለት ግመሎች ሣለ። የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ሐሰን እጁን ሳይታጠብ ግድግዳው ፊት ቆሞ ሳቀ። «ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ አዋሽ ነው! የባሕር ወዲያኛው ዳር አይታይም እኮ።» አባቴ ነጭ ቀለም አምጥቶ ሁሉንም አለበሰው።

ከዚያ ወዲያ ለልምምድ እያለ የቤታችንን ግድግዳ ያዘ። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ጭቃውን እየጎተተ ሲወርድ ሳሎናችን ውስጥ ባሕር ይጀመር ነበር፣ ጥቅምት ላይ እሱ ይደመሰስና መኝታ ቤት ሌላ ይጀመር ነበር፤ ዕቃችን ሁሌ መሀል ቤት ተቆልሎ፣ እኔም ፀጉሬ ላይ ቀለም ሳይጠፋ አደግኩ። ሐሰን ባለፈ ቁጥር «ና ልውሰድህ፣ አይተህ ሣል» ይለዋል። እናቴ ደግሞ «መጀመሪያ የጀመርከውን ጨርስ! ቤቴን እንዲህ አበለሻሽተህ የትም አትሄድም» ትል ነበር፤ እሱም ግድግዳው ሳያልቅ ላይሄድ ቃል ገባላት።

ታዲያ ሊያልቅ ሲል እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ትመጣና፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አይታ «አሁን ይሄ ማዕበል ነው? ቀጭን ሊጥ ነው እንጂ! ይቀረዋል» ትለዋለች፣ እሱም ተናዶ ነጩን ቀለም ያነሣል። እኔ እርር ድብን እል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብትለው ምን አለበት?

የጥጥ ለቀማው በደረሰበት ወቅት፣ እናቴ ገበያ በወጣችበት አንድ ቅዳሜ፣ አባቴ ቡሩሹን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ አንቺ ፍረጂ፣ ምን ይቀረዋል?»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ምንም አይቀረውም አባዬ። አልቋል፣ በጣም ያምራል» አልኩት።

ግንባሬን ስሞኝ ቡሩሹን ቀስ ብሎ አጠበው፣ በጨርቅ አድርቆም መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሰኞ ማለዳ የሐሰን መኪና ላይ ወጣ።

በሳምንቱ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። በዓመቱ ባሕር ዳርቻ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ላከልን፤ እውነትም ወዲያኛው ዳር አይታይም። እሱ ግን በዚያው ቀረ። ያልኩትን ለእናቴ አልቅሼ ስነግራት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ ልጄ» አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም፤ ምነው ተቆጥታኝ በነበረ!

ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ከእናቴ ጋር ሰመራ እኖራለሁ። እግሬ የአባቴ ነው መሰለኝ፣ በአራት ዓመት ሦስት ቤት ቀያይሬ፣ ሰሞኑን ደግሞ ሳልነግራት ወደ ሩቅ አገር ዝውውር ጠይቄ፣ የተፈቀደበትን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄአለሁ። ከመሄዴ በፊት ሳሎኑን ላሳምርላት ብዬ ነው ባሕሩን የጀመርኩት።

ዛሬ ከሰዓት ጨርሼ ቡሩሹን ላጥብ ስል እናቴ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ስለደከመ ግድግዳው ድረስ ተጠግታ ብዙ ቆየች።

«ማዕበሉ ይቀረዋል» አለች።

ያኔ ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር፤ ዛሬ እንባዬ መጣ። «እሺ እማዬ» አልኳትና ቡሩሹን ሳላጥበው መልሼ ነከርኩት።