የወይዘሮ ኤጭ ፊት

ወይዘሮ ኤጭ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ ከትታ ፈተግ ፈተግ ካደረገች በኋላ ነው የቤንዚኑ ጣዕም ምላሷ ላይ የደረሰው። ቋቅ አላት። ገንዳው ላይ ተደፍታ ብትተፋ፣ ብትጉመጠመጥ፣ ምላሷን በሳሙና ብትፈትገው ወይ ፍንክች! ብሩሹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ነጭ የነበረው ፀጉሩ ጠቁሯል፤ ሥሩ ላይ የእንጨት ብናኝ በዘይት ተለውሶ ተጋግሯል። ባሏ የሞተር መጋዙን ካርቡራተር በእሷ የጥርስ ብሩሽ ጠርጎ ጠርጎ ሲያበቃ፣ እንደ ጨዋ ሰው መልሶ ብርጭቆው ውስጥ አቁሞታል።

"ኤጭ!" አለች።

ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቃል ነው። የምትሠራው አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የተኛበት አንሶላ፣ ላብ የጠጣ ትራስ፣ ምን እንደተጠረገበት ባይጠየቅ የሚሻል ፎጣ ሲመጣላት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ "ኤጭ!" ትልና ማሽኑ ውስጥ ትወረውረዋለች። ባልደረቦቿ "ወይዘሮ ኤጭ" አሏት፤ በዚያው ጸና። አልተቀየመችም። ሌላው ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ያጠፈውን ፎጣ አንዴ አሽትታ የምትመልሰው እሷ ናት፤ የክፍሉ ኃላፊ እንኳ እሷ ሳታሸተው ወደ ላይ የሚወጣ ነገር የለም ይላል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዛ ነው እንግዲህ ዛፍ ቆራጭ ያገባችው። ፍቅር ዐይን ያሳውራል ሲባል ሰምታለች፤ አፍንጫ እንደሚደፍን ግን የነገራት የለም።

ባሏ ጣራ ላይ የተጋደመ፣ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ዛፍ ባለበት ሁሉ ይጠራል። ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወጣና ከላይ እየከረከመ ይወርዳል። መጋዙ አርጅቷል፤ መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ሰንብቷል። አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። "ይሄ መጋዝ የሞተ ቀን እኔም ከዛፍ ወረድኩ፤ የአዲስ መጋዝ ጸባይ የምለምድበት ዕድሜ የለኝም" ይላል። ወይዘሮ ኤጭም ያን ቀን እንደ ደመወዝ ቀን ስትጠብቀው ኖራለች። ጥቁር ዘይት የተጣበቀበት ጥፍር ሰልችቷታል፤ እሱ ከታጠበበት በኋላ እንደ ከሰል የሚጠቁረው ሳሙና ሰልችቷታል፤ ትራሱ እንኳ ጭስ ጭስ ይላል።

ይባስ ብሎ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሥራውን ከጓሮው መጠለያ ነቅሎ ወደ ወጥ ቤቷ አምጥቶታል። ምክንያቱ ብርሃን ነው። እሺ፣ ካርቡራተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ይፍታው። ሞተሩን አስነስቶ ሲያስተካክል ግን መጋዙን ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ባለው የግንድ ጉማጅ ላይ ያስቀምጥና "ጨርቅ ይዘሽልኝ ነይ!" ብሎ ይጠራታል። ጨርቁን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቆማለች፤ ጭሱን ትጠጣለች፤ እሱ ጨርቁን ሳይጠይቃት ሥራው ያልቃል። ለምን እንደምትገተር ብትጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ዛሬ እሑድ ነው። አፏን ገና እየተጉመጠመጠች ሳለ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። ባሏ ዛፍ ላይ ሲሆን መሬት ቆሞ ገመዱን የሚይዝለት የሥራ ጓደኛው ነው።

"እትዬ፣ ጋሼ አሉ?"

"ከጣውንቴ ጋር ወጥ ቤት ናቸው" አለችው።

ሰውየው አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ "እንኳንም እርስዎ ከፈቱልኝ። ትናንት አንድ ቅርንጫፍ ሳናስበው ተሰነጠቀ። መጋዙ ጠፍቶ ነበር፣ ጸጥ ያለ ሰዓት። ቋ! ሲል እኔ መሬት ሆኜ ሰማሁት። 'ጋሼ፣ ወደ ግራ!' ብዬ ጉሮሮዬ እስኪበጠስ ጮህኩ። እሳቸው እቴ! ካቻቢቴያቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ትከሻቸውን ታክኮ ነው ያለፈው።"

"ትከሻዬን ቧጠጠኝ ብሎኛል" አለች፤ ድምጿ ተለወጠ።

"እትዬ፣ ጋሼ አይሰሙም። ወፍራሙን ነገር ይሰሙ ይሆናል፣ ቀጭኑን አይሰሙም። ነገ ደግሞ ያ ጣራ ላይ የተጋደመው ትልቁ ዛፍ አለብን። እኔ ብናገር ይቆጡኛል። እርስዎ ይንገሯቸው።"

እሱን ሸኝታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት፣ በእሷ የሰላጣ ሳህን ውስጥ የዘፈዘፈውን ብሎን እያወጣ ይነፋል። በሌላ ቀን ቢሆን ለሳህኑ ብቻ ሰፈር የሚሰማው ጩኸት ትለቅ ነበር። አሁን ግን የድስት ክዳን አነሳችና ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። ክዳኑ ተንቃጨለ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ረገበ። ሰውየው ብሎኑን መንፋቱን ቀጠለ።

ዞራ ፊቱ ቆመች። "ጆሮህ አይሰማም!" አለችው።

ከንፈሯን አየ። ከዚያም ቱግ አለ። "የማን ጆሮ? ያ ወሬኛ መጥቶ ነው አይደል? እስቲ ንገሪኝ፣ ካርቡራተር በምንድን ነው የሚስተካከለው? በጆሮ ነው! ባልሰማ ኖሮ ይሄ መጋዝ እስከ ዛሬ ዐሥር ጊዜ ይቃጠል ነበር። ተቃጥሏል?"

እውነቱን ነው፣ አልተቃጠለም። ስለ ካርቡራተር ደጋግሞ ስላደነቆራት ነገሩን እሷም በቃሏ ይዛዋለች። ያቺ ትንሽ ብሎን ስትላላ ቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ እንደሚጉመጠመጥ ሰው ይንቦቀቦቃል። ስትጠብቅ ቤንዚኑ ያንስና ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ይጮኻል። ጩኸቱ ላይ ሲደርስ ትንሽ መለስ ያላደረገ ሰው ሞተሩን በደረቁ ያነደዋል፤ ፒስቶኑ ይጣበቅና ያ የመጋዙ መጨረሻ ይሆናል። ያቺን ቅጥነት ደንቆሮ እንዴት ይለያታል?

"ጨርቅ ይዘሽልኝ ነይ!" አለ እሱ፣ መጋዙን አንጠልጥሎ እየወጣ።

ወጣች። ገመዱን ስቦ አስነሳው። ሰማያዊ ጭስ ተነስቶ ፊቷ ላይ ወረደ፤ አፏ ውስጥ ካለው ቤንዚን ጋር ተገናኘ። እስኪሞቅ ጠበቀና በአንድ እጁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠው፣ በሌላው ካቻቢቴውን ብሎኗ ላይ አሳረፈ። ሞተሩ ተንቦቀቦቀ። ብሎኗን አጠበቃት። ድምፁ ጠራ። አሁንም አጠበቃት። ቀጠነ፣ ከዚያ ጮኸ፤ ጩኸቱ ጥርሷ ሥር ገብቶ ሰቀጠጣት፣ ፊቷ ኮሶ የተጋተ ሰው ፊት ሆነ። በዚያችው ቅጽበት ካቻቢቴው ቆመ፤ ወደኋላ ትንሽ ተመለሰ። ጩኸቱ ለዘበ።

ያኔ ነው ያየችው። ዐይኑ መጋዙ ላይ አልነበረም። ፊቷ ላይ ነበር።

"አየሽ?" አለ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ፣ እየተኩራራ። "ጆሮዬ ምን ሆነ?"

ወይዘሮ ኤጭ በያዘችው ጨርቅ አፏን ልታፍን ምንም አልቀራት። ለካ ብርሃኑም ውሸት ነው፣ ጨርቁም ውሸት ነው! ለካ ያን ሁሉ ወር ስታንገሸግሽለት፣ ስትጨማደድለት፣ እሱ መጋዙን የሚያስተካክለው በእሷ ፊት ነው! እንዲህ ያለ አስጸያፊ ነገር በሆቴሉ ምድር ቤትም አልገጠማት። ፊቷን እንደ ጥርስ ብሩሿ ሳያስፈቅድ ወስዶ ሲሠራበት ከርሟል። ደሟ ፈላ። ወዲያው ደግሞ እዚያ ጉማጅ ላይ እንዳጎነበሰ ሽበቱን አየች። ይህን ዘዴ እስኪያገኝ ብቻውን ምን ያህል እንደፈራ አሰበችና አንጀቷን በላው። ልትናገረው አፏን ከፈተች።

ብትናገረውስ? ይክዳታል። ነገ ጠዋት ገመዱን ታጥቆ ይወጣል። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ እዚያ ላይ የእሷ ፊት የለም።

"አንዴ ልድገመው፣ ለነገው አስተማማኝ ይሁን" አለና ነዳጁን ሰጠው።

ድምፁ ጠራ። ቀጠነ። ጮኸ። ወይዘሮ ኤጭ ጉንጮቿን ወደ ላይ ሳበቻቸው። የሆቴሉ ኃላፊ ለእንግዳ ፈገግ በሉ እያለ ቢለምናት ቢለምናት አድርጋው የማታውቀውን ነገር፣ ጭስ ውስጥ ቆማ፣ ቤንዚን እየዋጠች አደረገችው። ካቻቢቴው አመነታ። ባሏ ዐይኑን አጥብቦ ፊቷን መረመረ። እሷም ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ አለች። መንጋጋዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጩኸቱ አጥንቷን ይጋልባል፣ የገዛ ፈገግታዋ ያቅለሸልሻታል። ብሎኗን ጨመር አደረጋት። አሁንም ጨመር አደረጋት።

መጋዙ አንዴ አፏጨና ቀጥ አለ።

ባሏ ማስነሻውን ገመድ ሳበ። አልንቀሳቀስ አለው። በጉልበቱ ተጭኖ በሁለት እጁ ሳበው፤ እንደ ድንጋይ ሆኗል። የተቃጠለ ብረት ሽታ ግቢውን ሞላው። አጎንብሶ አሸተተ፤ አፍንጫው እንኳ ጤነኛ ነው። ቀስ ብሎ ቀና አለና አያት። ፈገግታው እፊቷ ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ እንዴት እንደሚመለስ ጠፍቷታል።

"ሲጮህ ሰምተሽዋል" አለ።

"ሰምቼዋለሁ" አለች፣ ከንፈሯን አጉልታ።

ካቻቢቴውን ጉማጁ ላይ አስቀመጠ። እጁን የትከሻው ጭረት ላይ አሳረፈ።

"እኔ አልሰማሁም" አላት።